ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ በቶርኖ ቤቶች ከጓንቱ በፊት ማሽኑ ይመርመር

ጉዳዩ፦ የሚሽከረከሩ ማሽኖች የሚያደርሱትን የአካል ጉዳት ስለመከላከል

እኛ ብረት በሚቀርጹት በቶርኖና በሚሊንግ ማሽኖች የምንሠራ፣ ሙያውንም የምናስተምር ነን። «ጓንት ያድርጉ» የሚለው ማስታወቂያ ከብየዳው ክፍል አልፎ ቶርኖው አጠገብም ይለጠፋል። ጓንት ብየዳ ላይ እጅ ያድናል፤ በሚዞር ቻክ (የሚቀረጸውን ዘንግ ነክሶ በሚያዞረው የቶርኖ ክፍል) ፊት ግን እጅ ያስበላል። ባዶ ጣት ዘንጉን ቢነካ ሊላጥ ወይም ሊቆረጥ ይችላል፤ ጓንት ግን ቶሎ አይቀደድም፣ ክንድን ይዞ ይገባል።

ስሌቱ ይህ ነው። 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ ወደ 1.6 ሜትር ጨርቅ ይጠቀልላል። ሠራተኛው ደንግጦ እጁን ወደ ማጥፊያው እስኪሰድ ሩብ ሰከንድ ቢፈጅበት እንኳ 40 ሳንቲሜትር ያህል እጅጌ ተጠቅልሏል። ማጥፊያው ከተነካ በኋላም ቻኩ ወዲያው አይቆምም። ስለዚህ የቱታው እጅጌ ጠባብ ወይም ከክርን በላይ ይሁን። ቀለበት፣ ሰዓትና ሻርፕ ይውለቁ። የብርጭቆ ወረቀት ጫፉን ጣት ላይ ጠቅልሎ ዘንግ ማለስለስ ይከልከል፤ ወረቀቱ በእንጨት ላይ ተደርጎ ይያዝ። የብረት ፍቅፋቂም ማሽኑ ቆሞ በመንጠቆ ይነሳ እንጂ በእጅ አይጎተት።

ከሁሉ የሚያሳስበን መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነው ነው። የአሮጌ ማሽን ኮንታክተር (ለሞተሩ ኃይል በማግኔት የሚያገናኘው ማብሪያ) ሲቃጠል በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይተካል። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ማጥፋቱን ይረሳል፤ ሥራውን ለማስተካከል እጁን ቻኩ ላይ ያሳርፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። በትክክል የተገጠመ ኮንታክተር ግን ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል፤ ማስነሻውን ዳግም ካልተጫኑት አይይዝም። ዋጋውም ከቶርኖው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የጎደለው ነገር እያንዳንዱ ማሽን በየተራ የሚፈተሽበት ዝርዝር ነውና፣ እነዚህ እንዲካተቱበት እንጠይቃለን። ተቆጣጣሪው ቻኩን ባዶ አስደርጎ፣ ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ፣ ማሽኑ እየዞረ ዋናውን ብሬከር ያጥፋና መልሶ ያብራ። በራሱ ከተነሳ እስኪጠገን ይታሸግ። ቻኩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው የቻክ ቁልፍ እጅ ሲለቀው ራሱ የሚወጣ፣ ስፕሪንግ ያለው ይሁን፤ ስፕሪንጉን ማንኛውም ቶርኖ ቤት ሊገጥመው ይችላል። ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣ ረጅም ዘንግ በከፍተኛ ዙር ጎብጦ እንደ ጅራፍ ይገርፋልና በቱቦ ይደገፍ። የቻክ መከለያውና የእግር ፍሬኑም ይታዩ።

በሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘናም ተመዛኙ የሠራው ዕቃ ልኩን ቢጠብቅ እንኳ፣ የቻክ ቁልፉን ቻኩ ላይ ትቶ ዘወር ካለ ወይም ጓንት አድርጎ ማሽን ካስነሳ ወዲያውኑ ይውደቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቶርኖና የሚሊንግ ባለሙያዎች