የጠረጴዛ ጦር ሜዳ ክበብ፦ በ166 ፓውንድ ስንት ሠራዊት ይሰለፋል?

ጠረጴዛችንን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ልጆቻችሁን ከአማርኛ ትምህርት ለመውሰድ ወደ ታችኛው አዳራሽ ስትወርዱ፣ ከመስኮቱ ሥር አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ፣ የካርቶን ኮረብታ ተሸክሞ፣ ከአውራ ጣት አንጓ የማይበልጡ ወታደሮች ተሰልፈውበት የምታዩት እርሱ ነው። ልጆች ትንንሽ ወታደሮችን በየተራ እያንቀሳቀሱና ዳይስ እየጣሉ የሚጋጠሙበት የጠረጴዛ ጦር ሜዳ ክበብ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሷል። አምና በ6 ልጆች ጀምረን ዘንድሮ 14 ደርሰናል፤ ከእነዚህም 5ቱ ሴቶች ናቸው።

በመስከረሙ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲማር ነው፤ የፕላስቲክ ወታደር ማሰለፍ ምን ይጠቅመዋል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያን ዕለት ጊዜ አጥሮን በቂ መልስ ስላልሰጠሁ እዚህ ልመልስ። በጠረጴዛችን ዙሪያ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ የሰጠ ተራው ያልፈዋል። ለዕቃዎቹና ለሰልፉ ሁሉ ስም ማውጣት ነበረባቸውና ዳይሱን «ዕጣ»፣ አብሮ የሚንቀሳቀሰውን ቡድን «ጭፍራ» አሉት። ከፊት የሚመራው ፊታውራሪ፣ በቀኝ ያለው ቀኝ አዝማች፣ በግራ ያለው ግራ አዝማች ሆነ። እነዚህን ማዕረጎች ከቅድመ አያቶቻቸው ስም ፊት ሲጠሩ ሰምተዋቸው ነበር፤ ትርጉማቸው የገባቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያልወጣው የ5ኛ ዓመት ተማሪ በኅዳር «ቆይ፣ አትተኩስ! ቀኝ አዝማቼ ወንዙን ገና አልተሻገረም!» ሲል ሰማሁት። የጠያቂው አባት ልጅ ነው።

ጨዋታው ለእኛ ባዕድ ነው የሚል አስተያየትም ደርሶኛል። ስልቱ ከአውሮፓ የመጣ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሠራዊትን በሰሌዳ ላይ ማሰለፍ ለእኛ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን የሚጫወቱት ሰንጠረዥ (የአገራችን ቼዝ) «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ይጀምር ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው በዚያው ቀን ሞከሩት። ያን ቅዳሜ አዳራሹ ለምን እንደዚያ እንደጮኸ ከሻይ ክፍሉ የጠየቃችሁን እናቶች ምክንያቱ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለዓመቱ 300 ፓውንድ ጠይቀን 120 ተፈቀደልን። አምባሻና ሻይ ሸጠን 46 ጨመርን። በ166 ፓውንድ ለ14 ልጅ ሠራዊት መግዛት እንዴት ይቻላል? ጥያቄውን ለራሳቸው ሰጠኋቸው፤ ሁለት ሙሉ ቅዳሜም ወሰደባቸው። ከዓመቱ ስብሰባዎች ሁሉ እኔን የበለጠ ያኮሩኝ እነዚያ ሁለቱ ናቸው።

አብዛኞቹ የፈለጉት በትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው እጅ ያዩትን ነበር። ኖቲንግሃም የሚገኘው ጌምስ ወርክሾፕ የተባለ ኩባንያ ዋርሃመር 40,000 ለሚባለው ምናባዊ የጦርነት ጨዋታ የሚያዘጋጀው «ኮምባት ፓትሮል» የተባለ ሳጥን አለ፤ ዋጋው ወደ 100 ፓውንድ ይጠጋል። አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ «የነፍስ ወከፍ ዋጋ» ብሎ ጻፈ። ሳጥኑ ውስጥ 20 ያህል ምስሎች ካሉ እያንዳንዱ 5 ፓውንድ ነው። ከዚያ የፔሪ ወንድማማቾች የሚያወጡትን የናፖሊዮን ዘመን እግረኛ ወታደሮች ሳጥን አነጻጸረ። የምስሎቹ ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ24 ፓውንድ ወደ 40 ምስሎች ስለሚገኙ እያንዳንዱ 60 ፔንስ ይሆናል። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ።

አንዲት የ7ኛ ዓመት ተማሪ ግን አልተቀበለችውም። «ጋሼ፣ የነፍስ ወከፍ ዋጋ ብቻ አይበቃም። ጨዋታ ለመጀመር ስንት ሰው ያስፈልጋል?» አለች። ልክ ነበረች። ውዱ ሳጥን ብቻውን የተሟላ ሠራዊት ነው፤ ሌላ ልጅ የራሱን ይዞ ቢመጣ ወዲያው መጋጠም ይቻላል፣ ለዚህ የጨዋታ ዓይነት የሚያስፈልገው ሕግም በነጻ ከድረ ገጽ ይወርዳል። ርካሹ ሳጥን ግን አንድ የእግረኛ ቡድን (ሬጅመንት) ቢወጣው ነው፤ ጠላት፣ ፈረሰኛና መድፍ ለየብቻ ይገዛሉ። ሰው የሚበዛበት ሠራዊት ሳጥኑ ቢረክስም ድምሩ ይከብዳል፤ ጥቂት ግን ብርቱ ተዋጊዎች ያሉት ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ሳጥን ይሞላል። ይህን ልጆቹ ራሳቸው አስልተው ደረሱበት። ሒሳብ አስተማሪያቸው ብሆን ከዚህ የተሻለ ክፍለ ጊዜ አልመኝም ነበር።

እኔም አምና የሠራሁትን ስሕተት ነገርኳቸው። ቅናሹ አጓጉቶኝ በራሴ ገንዘብ አንድ ዓይነት ሳጥን ሁለት ጊዜ ገዝቼ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ የራሱ ስም ያለው ጀግና አለ፤ በሕጉ መሠረት በአንድ ሠራዊት ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ጀግና ከአንድ በላይ አይሰለፍም። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ቅናሽ ቅናሽ የሚሆነው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚፈለግ ሲሆን ብቻ ነው።

በመጨረሻ የገዛነው እንዲህ ነው። ለሁለት ተጫዋቾች የሚዘጋጅ፣ ያለ ሙጫ የሚገጣጠም የመነሻ ሳጥን ጨዋታውን ከተወ አንድ ሰው ላይ በ40 ፓውንድ አገኘን፤ ሁለት ሠራዊት በአንድ ሳጥን ስለሚመጣ ታናናሾቹን ለሁለት ከፍለን አሰለፍናቸው። ለታላላቆቹ አንድ የፈረንሳይና አንድ የእንግሊዝ እግረኛ ሳጥን፣ በድምሩ 48 ፓውንድ። ሁልጊዜ የሚረሳው ወጪ፣ ማለትም መቁረጫ ፒንሳ፣ ሙጫ፣ ብሩሽና 5 ቀለሞች፣ 38 ፓውንድ ወሰደ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡናማ ብቻ ነው የገዛነው፤ ሌላውን ልጆቹ እየቀላቀሉ ያወጡታል። የሕግ መጽሐፍ አልገዛንም። የዋርሃመር 40,000 ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ2020 እና በ2023 ታድሷል፤ በየሦስት ዓመቱ መጽሐፍ የሚተካ አቅም ክበባችን የለውም። የናፖሊዮን ዘመን (እ.ኤ.አ. የ1815) ወታደር ግን የደንብ ልብሱ አይለወጥም፤ ዛሬ የተቀባው ምስል ታናሽ ወንድሙን ይጠብቃል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መቁረጥ፣ ማጣበቅና መቀባት ነበር። ግራኝ የሆነ አንድ ልጃችን ብሩሽ መያዝ አቅቶት ተስፋ ሲቆርጥ፣ የሚቀባውን ወታደር ከቀረጹት መንትያ ወንድማማቾች አንዱ ማይክል ፔሪ ቀኝ እጁን በመድፍ አደጋ አጥቶ በግራው መቅረጽ እንደተማረ ነገርኩት። ወሬ አላበዛም፤ ወንበሩን ስቦ ቀጠለ። በዚህ መሀል 3 ልጆች ለቀዋል፤ ሁለት ቅዳሜ አዳራሹ ለሠርግ ተሰጥቶብናል፤ ቀለሞቻችን ራዲያተሩ አጠገብ ከመቀመጣቸው የተነሣ ሁለቱ ደርቀዋል። ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ ስላልተሰጠን ነው። ለስፖርት ክበቡ አዲስ ማሊያ በተገዛበት ዓመት ለእኛ አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን መታጣቱን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

በጥር ወደ ለንደኑ ቼልሲ ሰፈር ወጣን፤ ወደ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም። መግቢያው ነጻ ነው፣ የልጆቹም የአውቶቡስ ጉዞ ነጻ ስለሆነ ከክበቡ ገንዘብ አንድ ፔኒ አልወጣም። የሄድነው ካፒቴን ዊልያም ሳይቦርን የሠራውን የዋተርሉ (ናፖሊዮን በ1815 የተሸነፈበት) ጦርነት ሞዴል ለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ለሕዝብ የታየው ይህ ሥራ ከ70,000 በላይ ጥቃቅን የብረት ወታደሮች አሉት። ሳይቦርን በጦር ሜዳው አጠገብ ለወራት ተቀምጦ መሬቱን ለክቷል፤ ከዘመቱት መኮንኖች ለብዙዎቹ ደብዳቤ ጽፎ ጭፍራቸው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ የት ቆሞ እንደነበር ጠይቋል።

ልጆቹ መስታወቱን ከበው ዝም አሉ። አሥራ አንድ ልጅ አንድ ላይ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ የነፍስ ወከፉ ልጅ ማስላት ጀመረ፦ «70,000 በ60 ፔንስ፣ 42,000 ፓውንድ!» ያቺ የ7ኛ ዓመት ተማሪ ዞር ብላ «ማን ከፈለለት ጋሼ?» ስትል ጠየቀችኝ። መንግሥት ሥራውን አዞት እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1833 ግን ገንዘቡን እንዳቋረጠበት፣ ሰውየው ተበድሮ እንደጨረሰውና ዕዳው እንዳስጨነቀው ነገርኳት። ሞዴሉን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና «አምባሻ የሚሸጥለት ሰው አልነበረውም ማለት ነው» አለች። የምመልሰው ጠፋኝ።

ከመውጣታችን በፊት ሌላም ነገር ነገርኳቸው። የዐፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ቁራጭ በዚሁ ሙዚየም ይዞታ ሥር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ከመቅደላ ወዲህ የተጓዘውን መንገድ በጣታቸው በካርታ ላይ እንዲከተሉ ያደረግሁት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ ያን ቀን ጨዋታ አልጠየቁኝም።

የዓድዋን ጠረጴዛ የጠየቁት ከዚህ በኋላ ነው። ግን በምን? በአቅማችን የሚገዛ የዓድዋ ሳጥን አላገኘንም። በጣሊያኑ አዛዥ በጀኔራል ባራቲየሪ በኩል ወደ 17,700 ሰው፣ በእኛ በኩል ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ነበር። አንድ ምስል 200 ሰው ይወክል ቢባል እንኳ 588 ምስል ያስፈልጋል። ያችው ተማሪ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ አንድ ጠባብ ካርቶን ላይ አሥር ወታደር በረድፍ ሣለች። ኢትዮጵያውያኑን በሙሉ ፊት ከሁለት ዓይን ጋር፣ ጠላትን በጎን ከአንድ ዓይን ጋር። ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት «አያቴ ሳሎን ያለው ሥዕል እንዲህ ነው» አለች። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ሥርዓት ነው፤ ማንም አላስተማራትም፣ አይታ ነው የያዘችው። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ የማን ጭፍራ እንደሆነ መለየት ይቻላል። ፎቶ ኮፒ አድርገን በካርቶን ላይ ለጠፍን፤ ለእኛ 50፣ ለእነርሱ 9 ቁራጭ። ወጪው 9 ፓውንድ።

ከየካቲት 23 በፊት በነበረው ቅዳሜ ተጋጠሙ። የጣሊያኑን የብርጌድ አዛዥ አልቤርቶኔን ለሆነው ልጅ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ቦታ የተሳሳተበት ካርታ በታሸገ ፖስታ ሰጥቼው ነበር፤ በእውነተኛው ውጊያም ብርጌዱን ከሌሎቹ ነጥሎ ያራቀው ይኸው የቦታ ስም ስሕተት ነው። ልጁ ወደፊት ገሰገሰ፣ ሁለት ዓይን ያላቸው ረድፎች ከሦስት አቅጣጫ ሲወጡበት ካርታውን ወደ እኔ ዘርግቶ «ጋሼ፣ ኮረብታው እዚህ ነው ይላል እኮ!» እያለ ጮኸ። ያ ጥያቄ ያቀረቡት አባት ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ እስከ ፍጻሜው አዩ።

ሒሳቡ ይኸው ነው፦ 135 ፓውንድ ወጪ፣ 31 ፓውንድ ቀሪ፤ ደረሰኞቹ በጽሕፈት ቤቱ ሰማያዊ አቃፊ ውስጥ ይገኛሉ። ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው 200 ፓውንድ፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥንና ለሠርግ የማይሰጥ የቅዳሜ ሰዓት ነው። ቤታችሁ ልጆች ያደጉበትና የተተወ ሳጥን ካለም አምጡልን፤ የተሰበረም ቢሆን እናስተካክለዋለን። ልጆቹ ለመጪው ዓመት የመረጡት ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በ1887 ድል ያደረጉበትን ዶጋሊን ነው። ምክንያታቸውን ሰሌዳው ላይ ጽፈውታል፦ የጣሊያን ወገን ወደ 500 ሰው ብቻ ስለነበር፣ አንዱ ምስል 20 ሰው ቢወክል 25 ምስል ይበቃዋል።