መንገዱ ቀድሞም ክፍት ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ ስለ ባሕር ንግድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። ወደድነው። ግን «ቫስኮ ዳ ጋማ የህንድ ውቅያኖስን መንገድ ከፈተ» የሚለው ጋ ስደርስ አላለፍኩትም። እኛም እንደዚሁ ነው የተማርነው፣ ልጄም ደብተሩ ላይ እንደዚሁ ጽፎታል፤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ሰውዬው ከፖርቱጋል ተነስቶ አፍሪካን ዞሮ መምጣቱ ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። በዛሬዋ ኬንያ ዳርቻ ያለችው ማሊንዲ ሲደርስ ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ባሕር አያውቀውም ነበር። የከተማዋ ገዥ መንገዱን የሚያውቅ መሪ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1498 መጨረሻ ተነስቶ በ23 ቀን ገደማ የህንድን ምድር አየ። ሲመለስስ? ነፋሱ እስኪዞር አልጠበቀም። ያንኑ ባሕር ለመሻገር ሦስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። የመርከበኞቹ ድድ አብጦ ጥርሳቸውን ሸፈነው፣ መብላት አቃታቸው፣ 30 ሰው ሞተ፣ በየመርከቡ ለሥራ የሚቆም ሰባት ስምንት ሰው ብቻ ቀረ። በኋላ የሚነዳት ሰው ስላልነበረ አንዷን መርከብ አቃጠሏት።

ያ ነፋስ ወቅት አለው። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ህንድ ይነፍሳል፣ ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ዞሮ ከህንድ ወደ አፍሪካ ይመጣል። ዐረቡም፣ የምዕራብ ህንዱ ጉጅራቱም፣ የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻው ስዋሂሊውም ሸራውን ይዘረጋ የነበረው ይህን ቆጥሮ ነው።

የእኛዋስ የአክሱም ወደብ አዱሊስ? በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የነጋዴዎች መመሪያ ከዚያ ወደብ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ይጫን እንደነበር ይናገራል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በዚያ ባሕር ስለሚሄዱ መርከቦች ሲጽፍ ሳንቃቸው በሚስማር አልተመታም፣ በገመድ የተያያዘ ነው ይላል። እስቲ አስቡት፣ ሳንቃው ጠርዝ ጠርዙን ይበሳል፣ ገመድ ይገባበታል፣ እንደ ልብስ ይሰፋል፣ ከዚያ ሰውና ጭነት ይዞ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። ይሄ ሁሉ ቫስኮ ዳ ጋማ ከመወለዱ ከ900 ዓመት በፊት ነው!

«ከአውሮፓ ተነስቶ አፍሪካን በመዞር ህንድ የደረሰ የመጀመሪያው መርከበኛ» ብትሉ ልክ ነው። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉት። ልጄ የደብተሩን ሰርዞ ጽፎታል፣ ሰኞ ለመምህሩ ያሳያል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ