ጎንደርን ከፋሲል ግንብ ባሻገርም እንያት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አገር ውስጥ ጉብኝት ያወጣችሁት ጽሑፍ ጎንደርን ከነገሥታቱ ግንቦች ባለፈ አለማንሳቱ ይህን እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። ባለፈው ኅዳር ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንጓዝ በመንገዱ ላይ ባለው ቁልቋል በር በሚባለው የተራራ መተላለፊያ መኪናችንን አቁመን ጥቂት በእግራችን ተዘዋወርን። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1933 ነፃ ከወጣች በኋላም የጣሊያን ጦር ይህን በር ይዞ ለወራት ሲከላከል ቆይቶ፣ ኅዳር 12 ቀን 1934 በእንግሊዝ ጦርና በአርበኞቻችን ተሸንፏል፤ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ ደግሞ ከስድስት ቀን በኋላ ጎንደርን አስረክቧል። ካራቢኒየሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊሶች የቁልቋል በሩን ውጊያ ዕለት በየዓመቱ ያስቡታል፤ እኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በፍጥነት እናልፈዋለን።

ከሰዓት በኋላ ከተማ ገብተን፣ ጣሊያኖች ፒያሳ አካባቢ የተዉአቸውን ሕንፃዎች እያየን ከተንሸራሸርን በኋላ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት አንድ ጠላ ቤት አገኘን። እማማ ጠላውን በጣሳ ሞልተው፣ በወጉ መሠረት መጀመሪያ ራሳቸው ቀምሰው ሰጡን፤ የጌሾው ምሬት ከአሻሮው ጢስ ጢስ ከሚል ጣዕም ጋር ተዋሕዶ ነበር (ሁለተኛውን ጣሳ እምቢ ለማለት ግን ብርታት ይጠይቃል)። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት አባታቸው ስለ ነገሯቸው የአርበኝነት ዘመን አጫወቱን።

አስጎብኚዎች ቁልቋል በርን በጉዞ መርሐ ግብራቸው ቢያካትቱ፣ መንገዱም ጠላ ቤቱም ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ