የላይኛው አፈር ለብቻው ይቀመጥ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የድንጋይ ከሰል ወጥቶባቸው የተተዉ መሬቶች በጊዜ ብዛት ራሳቸው ይለመልማሉ የሚለውን ሐሳብ በጽሑፋችሁ አንብቤ፣ ነገሩ በከፊል ብቻ እውነት ስለሆነ ይህን ጻፍኩ።

በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር አብዛኛው የሚገኘው በላይኛዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ሲሆን፣ ይህ አፈር ከሥር ከሚወጣው ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ከተከመረ ዘሩ ከዚያ ጥልቀት ሊወጣ አይችልም፤ በከሰሉ ዙሪያ ያለው ድኝ አዘል ማዕድንም አየርና ውኃ ሲያገኝ አሲድ ስለሚፈጥር ቡቃያውን ይጎዳል። አፈሩ ቢተርፍ እንኳ የሚበቅለው በአመዛኙ ሣርና አረም ነው፤ እንደ ጥቁር እንጨት ያሉ የደን ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ የቡና ፍሬም በወራት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የያዩ የዱር ቡና ደን ከከሰል ክምችት ጋር መጎራበቱ ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የከሰል ፈቃድ ውል ላይ የላይኛው አፈር ተለይቶ በዝቅተኛ ክምር እንዲቀመጥና ሳይዘገይ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ባለፈቃዱም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ከአካባቢው ደን በተለቀመ ዘር የችግኝ ጣቢያ እንዲያቋቁም የሚያስገድድ አንቀጽ ይካተት።

አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ