ስለ ላሊበላ ስትጽፉ ቤቶቹንም አትርሱ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በገና ሰሞን ስለ ላሊበላ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ሰው በማይኖርበት ተራራ ላይ ያሉ ነው ያስመሰላችሁት። ስለ ከተማው ያነሳችሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሆቴል ዋጋ።

ሮሃ ትባል በነበረ ጊዜ ከተማዋ የዛጉዌ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲያልፍ ቤተ መንግሥቱ አብሮ ሄደ። መናገሻነቱ የቀረበት ስንት ቦታ ዳዋ በልቶታል! ላሊበላን ያቆያት ተሳላሚው ነው። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ያያት ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ ብዙ ከጻፈ በኋላ «ከዚህ በላይ ብቀጥል የሚያምነኝ የለም» በሚል ስሜት ነው ያቆመው።

ተሳላሚው ደግሞ አስተናጋጅ ይፈልጋል። ስንቁን ተሸክሞ፣ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ ለሚደርስ እንግዳ የከተማው ሰው እግሩን ያጥባል። ይህ ልማድ ዛሬም አለ። ቤተ ጊዮርጊስ ወርዳችሁ ግቢውን ስትዞሩ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ዋሻዎች አሉ። በአንዱ ውስጥ የደረቀ አስከሬን ይታያል፤ ቀድሞ ዓይን የሚገባው እግሩ ነው። ሊሳለሙ መጥተው እዚያው ያረፉ ናቸው ይባላል። ጽሑፋችሁ ውስጥ ይህን ፈልጌ አጣሁት።

ሌላው የላስታ ቤት ነው። ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የሚሠራ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ ቤት። አብያተ ክርስቲያናቱን በ1978 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ዩኔስኮ ራሱ እነዚህን ቤቶች በመግለጫው ይጠቅሳቸዋል። እኛ ግን «አሮጌ ጎጆ» ብለን እናልፋቸዋለን። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ብዙ ነዋሪ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሰፍሯል። ቅርሱን ለመጠበቅ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም የተነሱት ሰዎች የዚያው ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። ለዘመናት ደጃፋቸውን ለእንግዳ ሲከፍቱ የኖሩት የእነሱ አያት ቅድመ አያቶች ናቸው እኮ!

ለሚቀጥለው ገና ጋዜጠኛ ላኩና እነዚህን ሰዎች አነጋግሩ። ማን እነሱ ቤት ያድር እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳበሉት ይጠየቁ። ቤቱን የሚያንጹትንም ግንበኞች ፈልጉ። ብቻ አደራ፣ ቀደም ብላችሁ በኅዳር ላኩ። በበዓሉ ሳምንት ከሄዳችሁ ሁሉም እንግዳ ላይ ስለሚሆን ቁጭ ብሎ የሚያወራችሁ አታገኙም።

አክባሪ አንባቢያችሁ