የጋሼን ዳዊት ይዘሽ ነይ

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 12

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። ስልክሽ እየጠራ ዝም ብዬ ያየሁበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሴ አፍ ልትሰሚው ይገባል።

የጋሼ አርባ ዕለት የብራና ዳዊታቸውን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥተሽ እጄ ላይ አስቀመጥሽው። የፊተኛው የእንጨት ገበታ ለሁለት ተሰንጥቋል። ስፌቱ ላልቶ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ተንጠልጥለዋል። «ለማንም እንዳትሰጪው፣ እኔ ራሴ እሠራልሻለሁ» አልኩሽ። በወሩ የመጻሕፍት ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ መርፌና ክር ይዤ የተቀመጥኩባቸው ቀናት በጣም ጥቂት ናቸው። ስምሽን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ያ የተሰነጠቀ ገበታ ይታየኛል። አፈርኩ። ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሥራው ምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ፤ እሱን ሳልነግርሽ ይቅርታዬ ግማሽ ነው የሚሆነው።

አምስት ሆነን የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍትና ወረቀት እንጠብቃለን። ጠዋት በሩን ስንከፍት የተጎዱት በጋሪ ተደርድረው ይጠብቁናል። ብዙዎቹን የጎዳቸው ፎቶ ኮፒ ነው። መጽሐፉ መስታወቱ ላይ በደረቱ ይተኛል፣ ከላይ ክዳኑ ይጫነዋል፣ ወገቡ ቀጭ ይላል። ሌላውን ብል በልቶታል። ሌላው በስኮች ተለጥፏል። ስኮች ሲለጠፍ መጽሐፉ የዳነ ይመስላል። ዓመታት ሲያልፉ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ቢጫ ይሆናል። ላስቲኩ ተላጦ ይወድቃል፣ እድፉ ይቀራል። የለጠፈው ሰው መጽሐፉን ስለወደደው ነው የለጠፈው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ኃላፊ በሆንኩበት የመጀመሪያ ክረምት በቆዳ የተለበደ አንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት እጄ ገባ። አሳሳኝ። ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩበት። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ዝናቡ አላቋረጠም። የታችኛው ክፍል ግድግዳ እርጥበት ሲስብ፣ ግድግዳውን ተጠግተው የቆሙት መደርደሪያዎች አየር አጥተው ሲታፈኑ፣ ወርጄ አላየሁም። ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች አንዱ መጽሐፍ ይዞ መጣና ምንም ሳይናገር ጀርባውን አሳየኝ። ግራጫና አረንጓዴ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻጋታ ነው። ስንወርድ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ይዞታል። የእርጥበት መለኪያው 78 በመቶ ይላል። ከ65 በላይ ከሰነበተ ሻጋታ እንደሚነሳ ለሌሎቹ የማስተምረው እኔ ራሴ ነበርኩ።

ማስክና ጓንት አድርገን አወጣናቸው። የሻገተ መጽሐፍ በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግም፤ ሻጋታውን ወረቀቱ ውስጥ ማሸት ይሆናል። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ፀሐይ ላይም አይሰጣም፤ ወረቀቱ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይለቃል። መጻሕፍቱን አቁመን፣ ገጾቹን ፈልቀቅ አድርገን፣ ቬንትሌተሩን ከሩቅ አዞርን። መብራት ሲጠፋ በካርቶን አራገብን። አብዛኞቹ ተረፉ። ያ መዝገበ ቃላትም አምሮ ወጣ። ዛሬም መደርደሪያው ላይ ሳየው ደስ አይለኝም።

ጣሊያን አገር ስላለችው ስለ ፍሎረንስ ከተማ ጎርፍ አንድ ጊዜ አውርቼልሽ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ 1966 በሚሉት ዓመት፣ የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ብዙ መቶ ሺህ ጥራዞች በጭቃና በናፍጣ ተነከሩ። ከየአገሩ ጠራዦች መጡ። ተማሪዎች ተሰልፈው መጽሐፍ በእጅ እየተቀባበሉ አወጡ። የዛሬው የእኛ ሙያ አብዛኛው ከዚያ ጎርፍ ወዲህ የተቀረጸ ነው። ስማረው እንደ ታሪክ ነበር የሰማሁት። ሻጋታውን ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ። እዚያ ጭቃ ውስጥ አንድ ቆንጆ መጽሐፍ ይዞ ጥግ ላይ መቀመጥ የሚችል ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ነገር ተለወጠ። ድሮ ቢሆን ማጉያ መነጽርና ጥሩ ቆዳ ግዙልኝ እል ነበር። አሁን አሸንዳው ክረምት ሳይገባ ይጠረግልኝ እላለሁ። መደርደሪያው ከግድግዳው ይራቅ፣ የታችኛው ረድፍ ከወለሉ 15 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ ወለሉ በባልዲ ውኃ አይታጠብ እላለሁ። ፍሪዘር አስገዝተናል፤ ለብል ነው። መጽሐፉ በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ትሉም እንቁላሉም ያለ መርዝ ይሞታል። ሲወጣ ቶሎ አይከፈትም። ላቡ ላስቲኩ ላይ እንዲቀር የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ቆጠራውን ከአንድ እንጀምራለን። ይሄ ሁሉ ጉዳይ ስብሰባና ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ቀኔ በዚያ ያልቃል። በዚህ መንገድ የሚድነው መጽሐፍ በእጄ ከምሰፋው እጅግ ይበልጣል። አምኜበታለሁ። ግን እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል።

የጣና ገዳማት ይህን ከኛ በፊት ያውቁታል። ባለፈው ጥር በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ ነበር። አንድ አባት ዕቃ ቤቱን ከፍተው አሳዩኝ። መጻሕፍቱ በየማኅደራቸው ገብተው በማንገቻቸው ኩላብ ላይ ተሰቅለዋል። ከወለል ርቀዋል፣ አየር ይዞራቸዋል፣ አይጥና ምስጥ አይደርስባቸውም። «ለምን ይሰቀላሉ አባ?» አልኳቸው። «መሬት ይበላቸዋላ» አሉኝ። እኔ ያን 15 ሳንቲም ለማስፈቀድ የጻፍኩትን ረጅም ማብራሪያ አስታወስኩ።

ታውቂያለሽ፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ብራና አይደለም። ጋዜጣ ነው። የ1950ዎቹን አዲስ ዘመን ስትገልጪው ጠርዙ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። ወረቀቱ ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ስለሆነ አሲዱ ከውስጡ ይመነጫል። ማንም ባይነካው እንኳ ራሱን በራሱ ይበላል። እኛ ማድረግ የምንችለው ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሰጥተን፣ አሲድ በሌለው ካርቶን አሽገን፣ ፎቶ አንስተን መያዝ ነው። የጋሼ ዳዊት ከነዚያ ጋዜጦች የተሻለ ጤና አለው። ይህን ለማጽናናት ብዬ አልነግርሽም።

ትናንት ከክፍላችን ልጆች አንዷ የተቀደደ ገጽ ስትጠግን አጠገቧ ቆምኩ። የስንዴ ስታርች በጥብጣ፣ እንደ ሙቅ እያማሰለች አብስላ፣ በወንፊት ሁለት ጊዜ አሳለፈችው። የጃፓን ወረቀት አለ፤ ከዛፍ ልጥ የሚሠራ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። በመቀስ አይቆረጥም። በራሰ ብሩሽ መስመር ይሰመርበትና ቀስ ተብሎ ይሳባል። ያኔ ጠርዙ ላይ ጭረቶቹ እንደ ሽፋሽፍት ይቀራሉ። ገጹን ጨብጠው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ነገ ከኛ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ በትንሽ እርጥበት ያነሳዋል፤ ገጹ አይጎዳም። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ስትለጥፈው እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

የጋሼን ዳዊት እሠራዋለሁ። በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ግን አይሆንም፤ ለሌሎቹ የከለከልኩትን ለራሴ አልፈቅድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ውስጥ፣ በራሴ መርፌ እሠራዋለሁ። ጥቅምት ላይ ይዘሽው ነይ። አሁን ክረምት ነው፤ ብራና እርጥበት ሲጠጣ ይጨማደዳል። ጥቅምት ሲገባ ሐይቁ ዳር እንኳ አየሩ ደረቅ ይላል።

እስከዚያው ብዙ አትነካኪው። ስኮች እንዳይነካው። ላሚኔት እናድርገው የሚልሽ ሰው ቢመጣ እሺ አትበይ። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የተዘጋጀ ነው፣ ውኃ ሲያገኘው ይለቃል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጊው። አንዴ ታጥቦ በደረቀ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ አስተኚው። ላስቲክ ውስጥ አትክተቺው። ስትመጪ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይም ሆዱ ውስጥም አይጫን፤ እቅፍሽ ላይ ይሁን። ቅጠሎቹ ቢቀላቀሉ አትጨነቂ። 151ዱ መዝሙር ይቀድማል፤ መኃልየ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያም ይከተላሉ። ቦታቸውን አገኝላቸዋለሁ።

ገበታው ደግሞ አሁን አይደለም የተሰነጠቀው። ስንጥቁን ጠጋ ብለሽ እዪው፤ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከጋሼ በፊት የነበረ ሰው በጅማት ሰፍቶት ነበር። የተበጠሰው ጅማቱ ነው። በእነዚያው ቀዳዳዎች እሰፋዋለሁ፣ አዲስ አልበሳም። ጋሼ ሌሊት ሲደግሙ የተንጠባጠበው የጧፍ ሰም ፊደል ካልሸፈነ አልነካውም። አውራ ጣታቸው እየገለጠ ያወዛው የገጹ ጥግም እንዳለ ይቆያል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ያንቺና የወንድሞችሽ ልደት በጋሼ እጅ ተጽፏል። ቅጠሉን ለብቻው ፍሬም ውስጥ ልታስገቢው እንዳሰብሽ ሰሞኑን እዚህ መጥቶ የነበረው ወንድምሽ ነገረኝ። እባክሽ ተዪው። መልሰሽ ከዳዊቱ መጨረሻ አስገቢው። ስፌቱ ላይ ቦታው እስካሁን ክፍት ነው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ