ጫማ የሚበላበት አገር

የኔ እናት፣

እዚያ ህንድ ቤት ያከራየችሽ ሴትዮ ልጇን በሂንዲ «ጁቴ ካዬጋ» ስትለው ሰምተሽ ለምሳ የጠራችው መስሎሽ እንደነበር በስልክ ስትነግሪኝ፣ እኔ ስስቅ ጀበናው ገነፈለብኝ። ነገሩስ ብዙም አልተሳሳትሽም፤ የሚበላ ነገር ነው። «ጫማ ትበላለህ» ነው ያለችው። እኛ ዱላ እንቀምሳለን፣ እነርሱ ጫማ ይበላሉ።

እኔም ዴልሂ ስማር ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ሂንዲ ያስተማረኝ ጫማ ነው። ለአንዲት ማኅተም ስንት ቀን እንደተመላለስኩ ለጎረቤቴ ባማርር «ቻፓል ጊስ ጋዪ» አለችኝ፤ ነጠላ ጫማሽ ተፍቆ አለቀ ማለቷ ነው። የእኛ ደጅ ጥናት እዚያ የሚለካው በሶል ነው። ጉዳይ የሚያፋጥነውን ጉቦ ደግሞ «ቻንዲ ካ ጁታ»፣ የብር ጫማ ይሉታል። ቻንዲ ማዕድኑ ነው፤ በአማርኛ ግን ኪስ ውስጥ ያለውም ብር ስለሆነ ቀልዱ ወደ እኛ ሲሻገር ይበልጥ ይጥማል።

ሁሉም ግን አያስቅም። ጁታ ወንዴ ነው፤ መጨረሻውን ወደ «ቲ» ስትለውጪው አነስ ያለች፣ ሴቴ ጫማ ትሆናለች። ከእርሷ የወጣ «ፓኦን ኪ ጁቲ» የሚል አባባል አለ፤ የእግር ጫማ፣ ከቁጥር የማይገባ ሰው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚወረወረው በሚስት ላይ ነው። በቀልድ እንኳ ሲባል ብትሰሚ አብረሽ እንዳትስቂ። ጫማ የሚናቀው መሬት ስለሚረግጥ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ቆዳ የሚያለፉና ጫማ የሚሰፉ ሰዎች እንደማይነኩ ተቆጥረው መኖራቸውም ያለበት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 17 ይህን ከልክሏል፤ ስድቡ ግን አልጠፋም። እኛም ብንሆን «ፋቂ» የሚለውን ቃል ከማን አፍ እንደሰማነው እናውቃለን።

ሠርግ ከተጠራሽ ደስ የሚለውን ታያለሽ። ሙሽራው ለሥነ ሥርዓቱ ጫማውን ሲያወልቅ የሙሽሪት እህቶች ሰርቀው ይደብቁታል፤ «ጁታ ቹፓይ» ይባላል። ገንዘብ ካልከፈለ ባዶ እግሩን ነው። እኛ ሙሽራን አናስገባም ብለን በር ላይ እናስጨንቀዋለን፤ እነርሱ ካስገቡት በኋላ ይይዙታል! ከሴቷ ወገን ከሆንሽ አትፈሪ፣ አብረሽ ደብቂ።

የላክሽልኝ የኮልሃፑር ከተማ ቻፓል ደርሶኛል። ቆዳው ደረቅ ስለሆነ ዘይት እየቀባሁ አለሰልሰዋለሁ። ቁጥሩ ግን 38 ነው፤ የእናትሽን እግር ረሳሽው እንዴ? 39 ነኝ።

እናትሽ